ምዕራፍ 7፦ የሞላ ዲስክና የጠፋ መዝገብ

ሰርቨር ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኔትወርኩ ነው፤ ቀጥሎ መብራቱ፣ ከዚያም ዳታቤዙ። ብዙ ከተደከመ በኋላ አንዱ ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዘ ሊያይ ሲሞክር ስክሪኑ ላይ 100 በመቶ የሚል ቁጥር ያገኛል። ዲስኩን የሞላው የደንበኞች መረጃ ወይም ቪዲዮ ቢሆን ባልገረመ። ጉዱ ተራ የጽሑፍ ፋይል መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ የሠራውን ሁሉ በየሰከንዱ የሚጽፍበት ሎግ፣ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አጥቶ ለወራት ሲያድግ ከርሞ በመጨረሻ ሰርቨሩን ራሱን ያንቀዋል።

ዲስክ ከሞላ በኋላ የሚከተለው ሁሉ የዚያ ውጤት ነው። ዳታቤዙ አዲስ መረጃ የሚጽፍበት ቦታ ስለሌለው ሥራ ያቆማል። ኢሜይል ተቀባዩ የሚመጣለትን መልእክት አልቀበልም ይላል። ሎጉም ራሱ መጻፍ ያቆማል፤ ስለዚህ ችግሩ በደረሰባት ሰዓት ምን እንደተፈጠረ የሚናገር አንድም መስመር አይገኝም። ሊኑክስ ላይ በሰፊው የሚሠራበት ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት፣ ሆን ተብሎ ካልተቀየረ በስተቀር፣ ከዲስኩ 5 በመቶውን ሩት ለሚባለው ዋና ተጠቃሚ አስቀርቶ የሚይዘው ለዚህ ቀን ነው። ሌላው ሁሉ ሲታፈን አስተዳዳሪው ገብቶ የሚያጸዳበት መፈናፈኛ ይኖረዋል።

በዚያ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ትልቁን ፋይል ፈልጎ ያጠፋዋል። ሰርቨሩ ይነሣል፣ አለቃው ይረጋጋል። ከሁለት ወር በኋላ ግን አንድ ሰው ያልተፈቀደለትን ገንዘብ አንቀሳቅሷል ተብሎ ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደገባ ሲጠየቅ መልሱ ያን ቀን አብሮ ተጠርጓል። የዲስክ መሙላትና የመዝገብ መጥፋት ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው። ሎግን በራሱ ጊዜ ማዞር፣ ባለሙያዎቹ ሮቴት ማድረግ የሚሉት፣ ለመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት ነው። ለሁለተኛው ግን መድኃኒት አይደለም፤ እንዲያውም ሳይታሰብበት ከተተከለ ያባብሰዋል። ይህን ልዩነት ሳያዩ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው ለጉዳዩ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠሁት።

የ75 ሳንቲሙ ጉድለት

መዝገብ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ከክሊፎርድ ስቶል ታሪክ የተሻለ አላውቅም። ስቶል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ በሚገኘው በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የኮምፒውተር ክፍል ተመድቦ ሲሠራ፣ ከኮምፒውተር አጠቃቀም ሂሳብ ላይ የጎደለ 75 ሳንቲም እንዲያጣራ ታዘዘ። ላቦራቶሪው ተመራማሪዎቹን በተጠቀሙበት ጊዜ ልክ ያስከፍል ስለነበር ሁለት የሂሳብ መዝገቦች አልገጠሙም። ስቶል ጉድለቱን ተከትሎ ሲሄድ፣ ማንም ሳያውቀው የላቦራቶሪው ዩኒክስ ኮምፒውተር ውስጥ እየገባ የሚወጣ እንግዳ አገኘ።

ስቶል ያደረገው ነገር ዛሬም ለሙያው ትምህርት ነው። በአንድ የሳምንት መጨረሻ ከባልደረቦቹ ቢሮ ፕሪንተሮችንና ተርሚናሎችን ሰብስቦ በስልክ መስመር ከሚገቡት ግንኙነቶች ጋር አያያዛቸው። እንግዳው የሚተይበው እያንዳንዱ ፊደል በወረቀት ላይ ታተመ። እንግዳው የዋና ተጠቃሚውን ሥልጣን ስለያዘ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ማንኛውንም ፋይል ማጥፋት ይችላል፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለውን ወረቀት ግን ሊነካው አይችልም። ክትትሉ ወራት ፈጀ። መጨረሻው ምዕራብ ጀርመን፣ ሐኖቨር ከተማ ደረሰ። ማርኩስ ሄስ የተባለ ወጣትና ግብረ አበሮቹ ከአሜሪካ የጦርና የምርምር ኮምፒውተሮች የለቀሙትን መረጃ ለሶቪየት ኅብረቱ ኬጂቢ ይሸጡ እንደነበር ታወቀ። ስቶል ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1989 «ዘ ኩኩስ ኤግ» በተባለ መጽሐፉ አሳትሞታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛው መዝገቡ ሌባው ከማይደርስበት ቦታ መቀመጡ ነው። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው። ክትትሉ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ዛሬ በብዙ ሊኑክሶች ላይ ተጽፎ የሚመጣው የሎግ ዕድሜ ግን አራት ሳምንት ነው።

በሌሊት የሚሆነው

የዩኒክስ ፕሮግራሞች ወሬያቸውን በአንድ በኩል እንዲያስተላልፉ ያደረገው ሲስሎግ የተባለው አሠራር ነው። የጻፈው ኤሪክ ኦልማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሴንድሜይል የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ሲሠራ ለዚያው እንዲያገለግለው ብሎ ያዘጋጀው ነበር። ለእያንዳንዱ መልእክት ከ0 እስከ 7 የክብደት ደረጃ ይሰጣል፤ 0 ሥርዓቱ መሥራት አቁሟል የሚል የአደጋ ጥሪ ሲሆን 7 ደግሞ ስሕተት ለመፈለግ ብቻ የሚጠቅመው ዲበግ የሚባለው ዝርዝር ነው። መልእክቶቹ ሎግ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ እሱም ቫር በተባለው ፎልደር ሥር፣ በየፋይላቸው ይከማቻሉ።

ሊኑክስ ላይ እነዚህን ፋይሎች የሚያዞረው ሎግሮቴት ነው፤ በሬድሃት ኩባንያ የተጀመረ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፍሪቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ዘመድ ደግሞ ኒውሲስሎግ የሚባል አለው፤ እሱም ከኤምአይቲ የመጣ ነው። በአሠራር ብዙ አይለያዩም። ሎግሮቴት የሚያነበው ፋይል ተከፍቶ ሲታይ ጥቂት መስመር ነው፦ «ዊክሊ»፣ «ሮቴት 4»፣ «ክሪኤት»። በየሳምንቱ አዙር፣ አራት ያረጁ ቅጂዎች ያዝ፣ አሮጌውን ካነሣህ በኋላ አዲስ ባዶ ፋይል ፍጠር ማለት ነው።

ዋናው ፋይል «ሲስሎግ» ይባል እንበል፤ ሳምንቱ ሲሞላ የቅጂዎቹ ረድፍ ከኋላ ጀምሮ ይንቀሳቀሳል። «ሲስሎግ.4» የነበረው ይጠፋል። 3 የነበረው 4 ይባላል፣ 2 የነበረው 3፣ 1 የነበረው 2። እስከዚያች ደቂቃ ሲጻፍበት የነበረው ሲስሎግ «ሲስሎግ.1» ይሆንና በስሙ አዲስ ባዶ ፋይል ይከፈታል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሰከንድ ሽራፊ ይበቃል፤ ፋይሎቹ ስማቸው ተለወጠ እንጂ አንድ ፊደል እንኳ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ዩኒክስ ውስጥ የፋይል ስምና ፋይሉ ራሱ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሥርዓቱ ፋይሉን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ አይኖድ ይባላል። ስሙ ወደዚያ ቁጥር የሚያመለክት ምልክት ብቻ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅና ከዚያ በኋላ የሚይዘው ፋይሉን ራሱን ነው። ቱቦ የተነከረበት በርሜል ላይ የተለጠፈውን ስም ብትቀይሩት ውኃው እዚያው በርሜል ውስጥ መውረዱን ይቀጥላል። ልክ እንዲሁ ፕሮግራሙ «ሲስሎግ.1» በተባለው አሮጌ ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ አዲሱ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

በሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረው እንቆቅልሽ ከዚህ የመጣ ነው። አስተዳዳሪው 40 ጊጋባይት የሆነ ሎግ አጠፋ እንበል። ዲስኩ ግን አሁንም ሙሉ ነው። ፎልደሮቹን በየተራ ደምሮ የሚቆጥረው «ዲዩ» የተባለው ትእዛዝ ቦታው ተለቋል ይላል፤ ዲስኩን በጥቅሉ የሚለካው «ዲኤፍ» ደግሞ አልተለቀቀም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የጠፋው ስሙ ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘ ድረስ ሥርዓቱ ቦታውን አይለቅም። «ኤልኤስኦፍ» የሚባለው መሣሪያ ስማቸው ጠፍቶ ገና የተያዙ ፋይሎችን ከነያዣቸው ያወጣቸዋል። ፕሮግራሙን ሪስታርት ሲያደርጉት 40ውም ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ይመለሳል።

ስለዚህ ማዞር ብቻ አይበቃም፤ ለፕሮግራሙ ፋይልህን ዘግተህ እንደ አዲስ ክፈት ብሎ መንገር ያስፈልጋል። «ፖስትሮቴት» በሚለው መስመር ሥር የሚጻፈው ትእዛዝ ሥራው ይህ ነው። በብዙ ሊኑክሶች ላይ የሲስሎግን ሥራ የሚሠራው አርሲስሎግ «ሀፕ» የተባለውን ምልክት ሲቀበል ይህን ያደርጋል፤ ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ደግሞ «ዩዘር 1» የሚለውን ይጠብቃል። አንዱን ከሌላው ያምታታ ሰው ሎጉ ከዞረ በኋላ ባዶ ፋይል ብቻ እያየ ይቆያል።

እንዲህ ያለ ምልክት የማይሰሙ ፕሮግራሞችም አሉ። ለእነሱ ሎግሮቴት «ኮፒትራንኬት» የሚል አማራጭ አለው፤ ፋይሉን ይገለብጥና ዋናውን እዚያው ባለበት ባዶ ያደርገዋል። ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ሌላ መንገድ እስካለ ድረስ አልመክረውም። ገልብጦ በጨረሰበትና ባዶ ባደረገበት መካከል ባለችው ቅጽበት የተጻፉ መስመሮች ይጠፋሉ፤ ይህንንም የፕሮግራሙ መመሪያ ራሱ ይናገራል። በዚያ ላይ ለግልባጩ ተጨማሪ ቦታ ስለሚፈልግ ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ፣ ማለትም በጣም በሚፈለግበት ጊዜ፣ ሊከሽፍ ይችላል።

የዞሩትን ፋይሎች መጭመቅ ግን ያለ ጥርጥር የሚያዋጣ ነው። ሎግ ተመሳሳይ ቃላት በየመስመሩ የሚደጋገሙበት ጽሑፍ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ጂዚፕ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛው መጠን ያወርደዋል። «ዲሌይኮምፕረስ» የሚለውን መስመር አብሮ መጻፍ ይመረጣል፤ የቅርቡን ቅጂ ለአንድ ዙር ሳይጨመቅ ያቆየዋል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ገና እየጻፈበት ሊሆን ይችላልና። የተጨመቀውን ለማንበብ መልሶ መፍታት አያስፈልግም፤ «ዚግሬፕ» እንደተጨመቀ ውስጡን ይፈትሻል።

መጠን ወይስ ጊዜ

ሎግሮቴት ላይ «ሳይዝ 100 ሜጋ» ብሎ የጻፈ ሰው ፋይሉ 100 ሜጋባይት ሲደርስ ወዲያው የሚዞር ይመስለዋል። ሎግሮቴት ግን ፋይሉ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚነሣው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔ ይለካል፣ ካለፈ ያዞራል፣ ተመልሶ ይተኛል። አንድ የተበላሸ ፕሮግራም አመሻሹ ላይ በየሰከንዱ ሺህ የስሕተት መስመር መጻፍ ቢጀምር፣ ገደቡ ተጽፎ እያለ ዲስኩ ሳይነጋ ሊሞላ ይችላል። ሥራ የሚበዛበት ሰርቨር ላይ በየሰዓቱ እንዲነሣ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ኒውሲስሎግ ፍሪቢኤስዲ ላይ ከመጀመሪያውም በየሰዓቱ ነው የሚነሣው።

የሚነሣበትም ሰዓት ይታይ። ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ የዕለት ሥራዎቹን በ06፡25 እንዲጀምር ተደርጎ ነው ለዓመታት የመጣው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ25 ማለት ነው፣ ሰው ገና ቢሮ ሳይገባ። ሰርቨሩ ግን በዓለም አቀፉ የዩቲሲ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ያችው ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ25 ትሆናለች። ደንበኛው ሁሉ በሚገባበት ሰዓት ሰርቨሩ ትላልቅ ፋይሎች መጭመቅ ይጀምራል።

በመጠን ብቻ ማዞር ሌላም ጉዳት አለው፤ ይህኛው ተንኮል ላሰበ ሰው በር ይከፍታል። አምስት ቅጂ ብቻ ይያዝ፣ እያንዳንዱም 10 ሜጋባይት ይሁን ተብሎ ከተወሰነ፣ የገባው ሰው ዱካውን ለማጥፋት ሎጉን መንካት እንኳ አያስፈልገውም። በተሳሳተ ፓስወርድ ያለማቋረጥ ለመግባት እየሞከረ መዝገቡን በቆሻሻ መሙላት ይበቃዋል፤ ረድፉ በፍጥነት ዞሮ የገባባትን ሰዓት የያዘውን ፋይል ራሱ ሥርዓቱ ይጥልለታል። በአዳዲሶቹ ሊኑክሶች ላይ ሎግ የሚሰበስበው ጆርናልዲም ካልተነገረው በስተቀር ከዲስኩ 10 በመቶ፣ ቢበዛ 4 ጊጋባይት ድረስ ይይዛል እንጂ ስንት ቀን እንደሚያቆይ ቃል አይገባም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ካዞርነው ሳይሆን መጀመሪያውኑ ከጻፍነው ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 135,000 የሚጠጉ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። በሊኑክስ የሚሠራው የመኪናው ስክሪን መረጃውን የሚጽፍበት የ8 ጊጋባይት ቺፕ በመጻፍ ብዛት እያለቀ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቺፕ እያንዳንዱ ክፍሉ የሚጻፍበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ቺፑ ሲያልቅ ስክሪኑና የኋላ ካሜራው ይጠፋሉ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲሆን የሎጉን ዝርዝር ከዲበግ ደረጃ ዝቅ አድርጎ የመጻፉን ብዛት የሚቀንስ ነበር። ማንም የማያነበውን 7ኛ ደረጃ ቀን ከሌት የሚጽፍ ሰርቨር ካለዎት፣ ከማዞሩ በፊት እሱን ዝም ማሰኘት ይቀድማል።

ከረድፉ የወጣው የት ይሄዳል

ከረድፉ መጨረሻ የወጣው ፋይል በሎግሮቴት ዘንድ አንድ ዕጣ ብቻ ነው ያለው፤ ይጠፋል። ለማኅደር የሚሆን ቦታ ማዘጋጀት የሰው ሥራ ነው። ስንት ጊዜ ይቆይ የሚለውም እንደዚሁ። «ሮቴት 4» የሚለውን የጻፈው ሰው የእርስዎን መሥሪያ ቤት አያውቀውም።

ሕጉ ግን ያውቀዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች በሥርዓታቸው የሚያልፈውን የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የባንክ ካርድ የሚቀበል ድርጅት የሚገዛበት ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ደግሞ የክትትል ሎግ ለ12 ወር እንዲቀመጥ፣ የቅርቡ ሦስት ወር ወዲያው ሊነበብ በሚችልበት ሁኔታ እንዲሆን ይጠይቃል። በሌላ በኩል ሎግ ውስጥ የሰዎች ስም፣ ስልክና የገቡበት አድራሻ አለ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይያዝ ስለሚፈልግ ሁሉንም ለዘላለም ማከማቸትም መፍትሔ አይሆንም። የመግቢያና የገንዘብ እንቅስቃሴ መዝገብ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የድረ ገጽ ጉብኝት ጥቂት ወራት፣ ዲበግ ጥቂት ቀናት፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ መወሰን ይገባል። ውሳኔውም በጽሑፍ ይሁን፤ ሰርቨሩን የተከለው ባለሙያ ሥራ ሲለቅ የሚተካው ሰው ምክንያቱን ማወቅ አለበት።

ማኅደሩ ሎጉ በተጻፈበት ሰርቨር ላይ ከሆነ ማኅደር አይባልም። ሰብሮ የገባ ሰው ዋናውንም ቅጂውንም አብሮ ያጠፋዋል፤ ዲስኩ ከተቃጠለም ሁለቱም ይሄዳሉ። ስቶል በፕሪንተር ያደረገውን ዛሬ አርሲስሎግ በኔትወርክ ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ መስመር እንደተጻፈ ወደ ሌላ ማሽን ይላካል። የቆየው የመላኪያ መንገድ በዩዲፒ፣ በ514 ቁጥር በር ነው፤ መድረሱን አያረጋግጥም፣ በመንገድም ማንም ሊያነበው ይችላል። በቲኤልኤስ የተመሰጠረው በ6514 የሚሄደው ነውና እሱን ይምረጡ።

በመጨረሻ የቀንና የሰዓቱ ነገር አለ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አሮጌ መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር ነው። በነባሩ የሲስሎግ አጻጻፍ መስመሩ ወርና ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ ይይዛል እንጂ ዓመተ ምሕረት የለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማኅደሩን የከፈተ ሰው ሴፕቴምበር 11 የሚል መስመር ቢያገኝ የትኛው ዓመት እንደሆነ ከመስመሩ ሊያውቅ አይችልም። ዓመቱንና የሰዓት ቀጠናውን አብሮ የሚጽፈውን አዲሱን አጻጻፍ ማዘዝ፣ «ዴትኤክስት» በሚለው አማራጭም በፋይሉ ስም ላይ ሙሉ ቀኑን ማኖር ይህን ይፈታል። ለእኛ ደግሞ ድርብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደንበኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገንዘቤ ተነካ ብሎ ቢያመለክት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የተሞላ ሰርቨር ያችን ደቂቃ 21፡00 ብሎ ጽፏታል፤ በዩቲሲ የተሞላው 18፡00 ብሏታል። የአቤቱታ ቅጹ ላይ መስከረም 1 ቀን 2017 የተባለው በሎጉ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ሰርቨሮቹን ሁሉ በአንድ ሰዓት መሙላትና የትኛው እንደሆነ በማኅደሩ ላይ መጻፍ የአጣሪውን ብዙ ድካም ያስቀራል።

ኃላፊነት ያለብዎት ሰርቨር ካለ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ከመሻገርዎ በፊት የሎግሮቴትን ፋይል ይክፈቱና ሮቴት ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ። ቀጥለው ከስድስት ወር በፊት ከነበረ አንድ ቀን የመግቢያ መዝገቡን ከማኅደር አውጥተው ለማንበብ ይሞክሩ። ከተነበበ መልካም። ፋይሉ ከሌለ ወይም ካልተከፈተ፣ ጠያቂ ሳይመጣ ዛሬውኑ ያስተካክሉት።